ውዝፍ ንባብ እንዴት ይከፈላል? ቤተሰብ ላላችሁ

ነገሩ የገባኝ ኮመዲኖዬ ላይ መብራት የማስቀምጥበት ቦታ ያጣሁ ቀን ነው። መጽሐፉ ተከምሮ ተከምሮ የአልጋ መብራቷ ወለል ላይ ወርዳለች። ከላይ ያለው መጽሐፍ ላይ ደግሞ የትንሿ ልጄ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ተቀምጦ ሮዝ ክብ ትቶበታል። ጠርሙሱን አንሥቼ መጽሐፉን ገለጥ ሳደርገው ዕልባቱ ገጽ 22 ላይ ነው። የገዛሁት ባለፈው ዓመት ለገና ነበር።

ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዱ ዘጠኝ፣ አንዷ አራት ዓመቷ። እናቴ አብራን ትኖራለች። እኔም ባለቤቴም እንሠራለን። ቤታችን አያት፣ መሥሪያ ቤቴ አራት ኪሎ። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ስለ ንባብ ምክር የሚሰጡ ሰዎች አብዛኞቹ ልጅ የሌላቸው ስለሚመስለኝ ነው። «ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታችሁ በጸጥታ አንብቡ» ይላሉ። ሌሊት 11 ሰዓት እኔ ቤት ምሳ ዕቃ ይሞላል።

«ውዝፍ» የሚለውን ቃል ከግብር ነው የተዋስኩት። የግብር ውዝፍ ያለበት ሰው መጀመሪያ ዕዳው ስንት እንደሆነ ያጣራል። የሚሰረዝለት ካለ ያሰርዛል። የቀረውን ከፋፍሎ ይከፍላል። «ጊዜ ሳገኝ እከፍላለሁ» ብሎ የሚቀመጥ የለም። ንባብ ላይ ግን ሁላችንም የምንለው ይህንኑ ነው። ጊዜ ሳገኝ። እኔ ጊዜ አላገኘሁም፣ የምታገኙም አይመስለኝም። ስለዚህ ያለ ጊዜ እንዴት እንደሚከፈል ላሳያችሁ።

አንድ፦ ዕዳውን ቁጠሩ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ውስጥ ያለውን ያልተነበበና ተጀምሮ የቀረ መጽሐፍ በሙሉ ከያለበት ሰብስባችሁ ምንጣፍ ላይ ዘርግፉት። በሙሉ ስል በሙሉ ነው። ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆው ጀርባ የተሸጎጠው፣ ሶፋ ሥር የገባው፣ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ የተረሳው፣ አምና በያዛችሁት ቦርሳ ውስጥ የቀረው። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የላካችሁት ፒዲኤፍ ለጊዜው ይቆይ። እሱ የትየለሌ ነው፣ ከእሱ ከጀመራችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ።

እኔ ስምንት ወይ ዘጠኝ ይሆናል ብዬ ነበር። 17 ወጣ።

ከዚያ ለዩት። መጀመሪያ የሰው መጽሐፍ ለብቻው ይውጣ። ከ17ቱ ሦስቱ የተዋስኳቸው ነበሩ። መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው፣ ተውሶ የሚመልስ ደግሞ የባሰ ሞኝ ነው የሚባል ቀልድ አለ፤ እኔ ግን አንዱን መጽሐፍ ሁለት ዓመት ከመያዜ የተነሣ ባለቤቷን ከሩቅ ሳያት መንገድ እስከመሻገር ደርሼ ነበር። የሰው መጽሐፍ ወይ ቶሎ ይነበባል፣ ወይ ሳይነበብ ይመለሳል። አንዱን በሳምንት ጨረስኩት። ሁለቱን ሳላነብ መለስኩ። «እንዴት አገኘሽው?» ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት፤ አላነበብኩትም አልኳት። ሳቀች። «እኔም አላነበብኩትም» አለችኝ።

ቀጥሎ ምሕረት የሚደረግለት ነው። እያንዳንዱን መጽሐፍ በእጃችሁ ይዛችሁ «ዛሬ ሱቅ ውስጥ ባየው እገዛዋለሁ?» በሉ። ሰው ሁሉ ስላወራለት የገዛችሁት ይኖራል። «ለሥራ ይጠቅመኛል» ያላችሁት ይኖራል። እኔ ዘንድ ደግሞ ሻጩ አሳዝኖኝ የገዛሁት ነበር። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ ክንዱ ላይ እስከ አገጩ ደርድሮ የሚዞር ልጅ ከታክሲ እንደወረዳችሁ «እህቴ አዲስ የወጣ ነው፣ እየው ብቻ» ሲላችሁ ልባችሁ ከራራ መጽሐፉ ቤት ገባ ማለት ነው። የምትጠራጠሩበትን እስከ 30ኛው ገጽ አንብቡት። ካልያዛችሁ ልቀቁት። ስድስት መጽሐፍ በዚህ ወጣልኝ፤ አራቱን ለልጄ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጠሁ፣ ሁለቱን ለጎረቤት።

መጽሐፍ ሳይጨርሱ መተው ኃጢአት የሚመስላቸው አሉ። እናቴ አንዷ ናት፣ እንጀራ የጣልኩ ያህል ነው የተቆጣችኝ።

የቀረኝ ስምንት ነው። 17 ሲያስፈራኝ የነበርኩት ሴትዮ ስምንት ሲባል አንድ ስኒ ቡና የጠጣሁ ያህል ነቃ አልኩ።

ሁለት፦ ሰዓት ሳይሆን ገጽ ቁጠሩ

«በቀን አንድ ሰዓት አነባለሁ» ብላችሁ አትማሉ። እኛ ቤት አንድ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ ሰባት ደቂቃ አለ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አለ። ሰዓት ስትቆጥሩ አርባ ደቂቃ ብታነቡም ቀኑ የከሸፈ ይመስላችኋል። ገጽ ግን የትም የተነበበ ገጽ ነው።

መጀመሪያ ፍጥነታችሁን ለኩ። ስልክ ላይ አሥር ደቂቃ ሞልታችሁ እንደ ልማዳችሁ አንብቡ፣ ሳትጣደፉ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ በአሥር ደቂቃ ስድስት ገጽ እሄዳለሁ። ታክሲ ውስጥ አራት። እናንተ ሦስት ብትሄዱም ችግር የለም፣ ቁጥሩን ማወቅ ብቻ ነው።

ስምንቱ መጻሕፍት ሲደመሩ 2,076 ገጽ ሆኑ። በቀን 12 ገጽ ብል፣ ማለትም ስድስት ስድስት ገጽ ሁለት ጊዜ፣ 173 ቀን ነው። መስከረም 1 የጀመረ የካቲት 23 ይጨርሳል። የዓድዋ ዕለት! ደስ ብሎኝ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። እርግጥ እኔ የጨረስኩት ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ለምን እንደዘገየሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ግን «አንድ ቀን እጨርሳለሁ» ከማለት «ሚያዝያ ጨረስኩ» ማለት ሌላ ነው።

ሦስት፦ የምትጠብቁበትን ቦታ ፈልጉ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሳምንት የምትጠብቁባቸውን ሁሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የምትሠሩበትን አይደለም፣ የምትጠብቁበትን። የልጅ ሰርቪስ እስኪመጣ። ታክሲ ሰልፍ። ክሊኒክ ካርድ ክፍል። ስብሰባ «አምስት ደቂቃ ቆይተን እንጀምር» ሲባል። ቡና እስኪፈላ። ልጅ እስክትተኛ። እኔ ስደምረው በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ፣ አብዛኛውን የማሳልፈው ስልክ ላይ የማላውቃቸውን ሰዎች ሠርግ በማየት ነበር።

ከዚያ ለየቦታው መጽሐፉን አዛምዱ። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ይዘው ታክሲ ውስጥም፣ አልጋ ላይም፣ ወጥ ቤትም እሱኑ ያነባሉ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ፣ አጠገባችሁ ያለው ሰው በስልክ ስለ መሬት ካርታ እየተጨቃጨቀ የግርጌ ማስታወሻ አይነበብም። ለቦርሳ ቀጠን ያለ፣ አጭር አጭር ምዕራፍ ያለው ይሁን። የአጭር ልቦለድ ስብስብ ለታክሲ የተፈጠረ ነው፣ ከአያት መገናኛ አንዱ ያልቃል። ወፍራሙና ከባዱ ቤት ይቀመጥ። ሦስተኛው ለጆሮ ነው፣ እመጣበታለሁ። በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ አትጀምሩ፣ ሌላ ውዝፍ ታመጣላችሁ።

ሰልፍ ላይ ማንበብ መጀመሪያ አሳፍሮኝ ነበር፣ ለታይታ የምትይዘው የሚሉኝ መስሎኝ። ማንም አላየኝም። አንድ ቀን ብቻ ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሰልፉ ሄደ እኮ» አሉኝ።

ታክሲ ውስጥ ጋቢና ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፣ ብርሃን አለ። ካላገኛችሁ በመስኮት በኩል። ሲመሻሽ ተዉት፣ ዓይናችሁን አትግደሉ። መኪና ውስጥ ሲያነቡ የሚያጥወለውላቸውም አይታገሉ፣ በጆሮ ይሂዱ። በባቡሩ መስመር፣ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ የምትመላለሱ ከሆነ ቆማችሁም ቢሆን በአንድ እጅ የሚያዝ መጽሐፍ ይዛችሁ ግቡ። ሁለት እጅ የሚፈልግ ከያዛችሁ ፍሬን ሲያዝ ሰው ላይ ነው የምታርፉት።

ቡና ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቡና እየቆሉ ማንበብ አይቻልም፣ ያርራል። ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ ያለው ግን ጥሩ ጊዜ ነው ብዬ አንድ እሑድ ጀበናውን ጥጄ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። መጽሐፉ ጥሩ ቦታ ደርሷል፤ ሰውየው ከእስር ተፈትቶ የራሱን ቤት በር ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት የማያውቀው ልጅ ነው። «አንቺ! ገነፈለ!» የሚል የእናቴን ድምፅ የሰማሁት ቡናው ከሰሉ ላይ ሲንጫጫ ነው። አቦሉ ግማሽ ሆነ። እናቴ ስኒውን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችውና «ይኼ ቶና ነው ወይስ በረካ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲጣድ የማነበው ከአቦል በኋላ ነው፣ እሷ ስትቀዳ።

ልጅ እስክትተኛ ያለው ደግሞ የእኔ ትልቁ ትርፍ ነው። አራት ዓመቷ ልጅ አጠገቧ ካልተጋደምኩ አትተኛም፤ ድሮ ጨለማ ውስጥ ጣሪያ እያየሁ ከእሷ በፊት እኔ ነበርኩ የምተኛው። አሁን መጽሐፉ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ መብራት ገዝቻለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ስምንት ገጽ፣ አንዳንዴ አሥር።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትማረሩ። ቴሌቪዥን የለ፣ ዋይፋይ የለ፣ ልብስ መተኮስ የለ። ባትሪ መብራታችሁን ሁልጊዜ ቻርጅ አድርጋችሁ አቆዩና ሁሉም በአንድ መብራት ዙሪያ ሲሰበሰብ መጽሐፋችሁን አውጡ። በአንድ እንደዚህ ያለ ምሽት 40 ገጽ የሄድኩበት ጊዜ አለ። መብራቱ ሲመጣ ልጆቹ ሲጮኹ እኔ ቅር አለኝ።

አራት፦ እጅ ሲያዝ ጆሮ ይሥራ

ሽንኩርት ማቁላላት ትዕግሥት ነው። ቆማችሁ ታማስላላችሁ፣ ዓይናችሁ ድስቱ ላይ ነው፣ ጆሯችሁ ግን ሥራ ፈት ነው። እንጀራ ስትጋግሩም፣ ልብስ ስታጥፉም እንዲሁ።

በጆሮ መስማት ንባብ አይደለም የሚሉ አሉ። ለእኔ ነው። ለነገሩ አገራችን ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንቱ ሰው ነው በመጽሐፍ ሳይሆን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ በራዲዮ ትረካ የሚያውቀው? እናቴ መጽሐፉን በእጇ ይዛ አታውቅም፣ ታሪኩን ግን ከእኔ በላይ ትተርከዋለች። አሁን በስልክ መተግበሪያም በዩቲዩብም የተተረኩ የአማርኛ መጻሕፍት ሞልተዋል። በመተግበሪያ ከፍላችሁ ብትሰሙ ይሻላል፣ ደራሲው ድርሻውን ያገኛል።

ለጆሮ የሚሆነው ልቦለድና የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረትና የቦታ ስም የበዛበት ታሪክ በጆሮ አይያዝም፤ አንዴ ሽንኩርቱ ሲይዝባችሁ ሠላሳ ዓመት ያልፋችኋል። በአንድ ጆሮ ብቻ ኢርፎን አድርጉ፣ ሌላው ለልጆች ይቅር። እኔ በኋላ እሱንም ተውኩት፣ ስልኩን ዱቄት የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ ማድረግ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ነጭ ሽንኩርቷን ይዛ መጥታ እየላጠች መስማት ጀመረች። በአምስተኛው ቀን እኔ ሥራ ሳለሁ ደወለችልኝ። የታመመ ሰው አለ ብዬ ደንግጬ ሳነሣው «ያቺ ልጅ አገባችው ወይስ አላገባችውም?» አለችኝ።

አምስት፦ ተጀምሮ የቀረውን መቀጠል

ከስምንቱ አራቱ ግማሽ ድረስ የተነበቡ ነበሩ። ከአዲስ መጽሐፍ የሚከብደው ይህ ነው። ዕልባቱ ገጽ 180 ላይ ነው፣ ትከፍቱታላችሁ፣ ማን ማን እንደሆነ አታውቁም። ከመጀመሪያው ልጀምር ትላላችሁ፣ ገጽ 40 ላይ ይሰለቻችኋል፣ መጽሐፉ ተመልሶ ኮመዲኖ ላይ ይወጣል። አንዱን መጽሐፍ በዚህ ዓይነት ሦስት ጊዜ ጀምሬዋለሁ፣ መግቢያውን በቃሌ ልወጣው ምንም አልቀረኝ።

ከመጀመሪያው አትጀምሩ። እንዲህ አድርጉ። ማውጫ ካለው አንድ ጊዜ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡት። ከዚያ የየምዕራፉን የመጀመሪያና የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ እያነበባችሁ እስከ ዕልባቱ ድረስ ኑ። ከዕልባቱ በፊት ያሉትን አምስት ገጾች ግን በሙሉ አንብቡ። ይህ ሁሉ ለአንድ መጽሐፍ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም፣ በሁለት ቀን ከፍላችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የማታስታውሱት ይኖራል። ይኑር። አስፈላጊ ከሆነ ደራሲው መልሶ ያነሣዋል።

ስም ለብቻው መላ ይፈልጋል። የእኛ መጻሕፍት፣ በተለይ የቀድሞ ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች የጻፏቸው ትዝታዎች፣ በስም ያጥለቀልቃሉ። ከስሙ ደግሞ ማዕረጉ ይብሳል። ገጽ 40 ላይ ሻምበል የነበረው ሰው ገጽ 120 ላይ ሻለቃ ነው፣ ገጽ 200 ላይ ኮሎኔል። እኔ ሦስት ሰዎች መስለውኝ ሻምበሉ የት ጠፋ እያልኩ ስፈልገው ነበር። በድሮው ታሪክም ደጃዝማቹ ራስ ሲሆን ያው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጀርባ ሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ አጠገቡ የታየበትን ገጽና በሁለት ቃል ማንነቱን ጻፉ። «ወንድሟ፣ ገጽ 31»። «ከድቶ የሄደው፣ ገጽ 96»። ማዕረጉን ተዉት፣ እሱ ይለወጣል። መጽሐፍ ላይ መጻፍ የሚከብዳችሁ ወረቀት አጥፋችሁ ውስጡ አስገቡ።

ስድስት፦ ቤተሰቡን የነገሩ አካል አድርጉት

ከልጆች ተደብቃችሁ ለማንበብ አትሞክሩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሞክሬዋለሁ። በበሩ ሥር ትንንሽ ጣቶች ይገባሉ።

ይልቅ ከእራት በፊት 20 ደቂቃ አበጁ። ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ስልክ ሁሉ፣ የአባትም ጭምር፣ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም የራሱን ይዞ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ጦርነት ነው። ትልቁ ልጅ «የቤት ሥራ አለብኝ» ይላል፣ ሌላ ጊዜ የማይለውን። በሁለተኛው ሳምንት ለአያቱ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ፈቀድንለትና ተስተካከለ፤ አንድ ፊደል ሲስት ታርመዋለች፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ትንሿ መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ «ታነባለች»። አንድ ቀን ለእኔ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ጅብ ታክሲ ይሳፈራል፣ ረዳቱ መልስ አልሰጠውም።

ልጅ ሲጠራችሁ የሚሠራ አንድ ሕግ አለ፦ «ይቺን ገጽ ልጨርስ»። ምዕራፍ አትበሉ፣ ልጅ ምዕራፍ አይገባውም። ገጹን አሳዩት፣ እስከዚህ በሉት። ስትጨርሱ ግን እውነት ተነሡ። አንዴ ከዋሻችሁ ሕጉ አለቀለት።

ከትዳር ጓደኛ ጋር ደግሞ ውል ያስፈልጋል። ባለቤቴ የአርሰናል ደጋፊ ነው። ይህን ከዚህ በላይ አላብራራም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጨዋታው 90 ደቂቃ፣ ዕረፍቱ 15፣ ድምሩ 105 ደቂቃ። እኔ በስድስት ስድስት ገጽ ሂሳብ 63 ገጽ ነው። ውላችን እንዲህ ሆነ፤ እሱ ኳስ ባየ ቁጥር ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፣ በማግሥቱ ወይም በሌላ ቀን ያንኑ 105 ደቂቃ እሱ ይይዝልኛል። ጭማሪ ደቂቃም ይቆጠራል። በዚያ ሰዓት ቤት አልቀመጥም፣ ቤት ካለሁ «እማዬ» ይቀጥላል። ወጥቼ እሄዳለሁ። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ከገበያ የጠፋ የድሮ መጽሐፍ የምትፈልጉ ከሆነ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ አለ። ሁለቱም ከራቃችሁ አንድ ማኪያቶ አዝዛችሁ ጥግ መቀመጥም ያው ነው፣ ሙዚቃው ጸጥ ያለ ካፌ ካገኛችሁ።

ሰባት፦ ያነበባችሁትን መዝግቡ፣ ግን በጥቂቱ

አንድ የ32 ገጽ ደብተር ይበቃል። መጽሐፍ በጨረሳችሁ ማታ ሦስት መስመር ብቻ፦ ምን ነበር፣ ምን ትዝ ይለኛል፣ ለማን ይሆናል። ከሦስት መስመር በላይ ከሆነ የቤት ሥራ ይሆንባችኋል፣ ትተዉታላችሁ። ሦስተኛው መስመር ቀላል ይመስላል፣ ለእኔ ግን ትልቅ ነገር አመጣልኝ። «ለማን ይሆናል» የሚለው ላይ የሦስት ጎረቤቶቼ ስም ተደጋገመ። ቡና ላይ አነሣሁላቸው። አሁን አምስት ሆነን የመጽሐፍ ዕቁብ አለን። እያንዳንዳችን አንድ መጽሐፍ እንገዛለን፣ በየወሩ እናዟዙራለን። መጽሐፍ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ በአንድ ዋጋ አምስት ታነባላችሁ። ዳኛ የለንም፣ ቅጣት ግን አለ፤ ሳያነብ ያሳለፈ የሚቀጥለውን ቡና ቆሎ ይገዛል። እኔ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ።

ስምንት፦ የተበላሸ ሳምንት ሲመጣ

ለምን ሚያዝያ ድረስ እንደዘገየሁ ልንገራችሁ። ኅዳር ላይ ሁለቱም ልጆች ተከታትለው ታመሙ። ጥር ሠርግ ነው፣ ጥርን ታውቁታላችሁ። ከዚያ የዘመድ ለቅሶ፣ ከዚያ የልጅ ፈተና፣ ከዚያ ፋሲካ። በእነዚህ ቀናት 12 ገጽ ቀርቶ የጋዜጣ ርዕስ አላነበብኩም።

ያዳነኝ አንድ ነገር ነው፤ ያመለጠኝን አልደምርም። ሦስት ቀን ብታመልጡ በአራተኛው ቀን ያለባችሁ 48 ገጽ አይደለም፣ ያው 12 ነው። ማለቂያው ቀን ይገፋል እንጂ የቀኑ ክፍያ አይጨምርም። ወለድ የለውም። መጀመሪያ ላይ ደምሬ ስሞክር በአንድ ሳምንት ውስጥ 84 ገጽ «ዕዳ» ተከመረብኝ፣ መጽሐፉን ማየትም አስጠላኝ። በጣም የከፋ ቀን ላይ አንድ ገጽ አንብቡ፣ ክሩ እንዳይበጠስ።

መግዛትንም ያዝ አድርጉት። የእኔ ሕግ ሁለት ካልወጣ አንድ አይገባም ነው። ያ ብሔራዊ ቴአትር ያለው ልጅ አሁን ያውቀኛል፣ «እህቴ ጨረስሽ?» ይለኛል። የወጣውን አዲስ መጽሐፍ ስም ስልኬ ላይ እጽፍና ጳጉሜን እጠብቃለሁ። ጳጉሜን አምስት ወይ ስድስት ቀን ናት፣ ትምህርት አልተከፈተም፣ ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ስለሆነች ብዙ አይገዛም። ምንጣፉን ዘርግቼ እንደገና የምቆጥረው ያኔ ነው።

ስለ ዕልባት ሳልነግራችሁ። በልጅ ቤት ዕልባት አይታመንም። ትንሿ ልጄ የዕልባት ፍቅር አለባት፣ ታወጣና ሌላ ቦታ ትከታለች፣ አንዳንዴም ሌላ መጽሐፍ ውስጥ። መጽሐፉን ከመዝጋታችሁ በፊት የፊት ሽፋኑ ውስጥ የደረሳችሁበትን ገጽ በእርሳስ ጻፉ፣ የፊተኛውን ሰርዙ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው አሁን 141 ይላል፤ ከሥሩ አራት የተሰረዙ ቁጥሮችና አንድ ፀሐይ አለ፣ ፀሐይዋን የሣልኩት እኔ አይደለሁም።